የነፍሰ ጡር ሴት ማዕድ የማን ዕዳ ነው?

ስለ ሕዝብ ዕድገት በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ ትምህርት ቤቱ፥ ሐኪም ቤቱና መንገዱ በየተራቸው ይወሳሉ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሰው ወደ ትምህርት ቤት ከመግባቱ ብዙ ዓመት አስቀድሞ ዘጠኝ ወር የሚኖርበት አንድ ቤት አለው፤ ይኸውም የእናቱ ማሕፀን ነው። በዚያ ቤት የሚደርሰው ቀለብ ኋላ የሚኖረውን ሰውነትና አእምሮ የሚያበጅ ወይም የሚያጎድል መሆኑ ብዙ ጊዜ አይታሰብም። አባቶቻችን ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይላሉ። ይህ ቃል ድኻ ወላጅን ለማጽናናት የተነገረ እንጂ፥ ወላጅና ሹም እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ዕድልም ቢሆን መጀመሪያ የሚያልፈው በእናቲቱ ማዕድ በኩል ነው።

ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ስለዚህ ማዕድ ነው። የነፍሰ ጡር ሴት ምግብ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። እኛ ግን የባል፥ የንስሐ አባትና የሹም ዕዳ ጭምር መሆኑን፥ ደግሞም ረኃብና ጭንቀት በነፍሰ ጡር ሰውነት ውስጥ ተለያይተው የማይኖሩ መሆናቸውን፥ በታወቀ ማስረጃ ለማስረዳት እንሞክራለን። በውጭ አገር ስለ ሆነው ነገር የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ በግምት የተነገረ እንዳይመስል፥ አስቀድመን በሆላንድ አገር የሆነውን እናስታውስ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፥ በ1944 የሆላንድ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሥራ ስላቆሙ፥ አገሪቱን ይዞ የነበረው የጀርመን ጦር ወደ ምዕራቡ ክፍል እህል እንዳይገባ ከለከለ። ክልከላው ኋላ ቢላላም፥ ብርዱ በርትቶ የውሃው መንገድ ሁሉ በረዶ ስለ ሆነ እህል የሚደርስበት ጠፋ። በአምስተርዳም ከተማ ለአንድ ሰው በቀን የሚታደለው ምግብ በኅዳር መጨረሻ ከ1,000 ካሎሪ በታች ወረደ፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያም በ400 እና በ800 መካከል ሆነ። ካሎሪ ማለት ከምግብ የሚገኘው ኀይል መለኪያ ነው፤ አንዲት ጤነኛ ሴት በቀን 2,000 ያህል ያስፈልጋታል። ሕዝቡ ስኳር የሚወጣበትን ሥርና የአበባ ሥር እየቀቀለ በላ፤ ወደ 20,000 የሚሆን ሰውም አለቀ። በግንቦት 1945 አገሩ ነፃ ሲወጣ እህል ገባ፤ ረኃቡም ቆመ።

ይህ ረኃብ ከሌላው ረኃብ የሚለየው የጀመረበትና ያበቃበት ጊዜ መታወቁና፥ የሐኪም ቤቶቹ መዝገብ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ በዚያን ጊዜ በማሕፀን የነበሩትን ልጆች እስከ ሽምግልናቸው ድረስ ተከታትለው ለመመርመር ቻሉ። ያገኙትም ይህ ነው። እናታቸው በመጨረሻዎቹ ወራት የተራበችባቸው ልጆች በተወለዱ ጊዜ ክብደታቸው ከሌሎቹ በ300 ግራም ያህል አነሰ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የተራበችባቸው ግን፥ ኋላ እህል ስለ ተገኘ፥ ሲወለዱ ክብደታቸው ሙሉ ነበር፤ ያያቸውም ሰው ሁሉ ጉዳት ያገኛቸው አልመሰለውም። ዳሩ ግን በጎለመሱ ጊዜ የልብ በሽታ በረታባቸው፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመምም ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘባቸው። እንግዲህ ሕፃኑ ሲወለድ መወፈሩ ብቻ የእናቲቱ ረኃብ እንዳልነካው ምስክር ሊሆን አይችልም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። በ2008 የታተመ አንድ ምርመራ ይህን ቃል በሌላ መንገድ ያሳየናል። መርማሪዎቹ በዚያ ረኃብ የተፀነሱትን ሰዎች ረኃቡ ካልነካቸው ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር አስተያዩ። ለዕድገት በሚያገለግለው በአንዱ የዘር ቅንጣት ላይ የሚገኘው ምልክት፥ 60 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ እንኳ፥ በረኃብ በተፀነሰው ልጅ ላይ ተለይቶ ተገኘ። እናት አንድ፥ አባት አንድ፥ የተለየው ማዕዱ ብቻ ነበር።

በዚያው ጦርነት ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር ተደርጓል። የእንግሊዝ መንግሥት መርከቦቹ በባሕር ላይ እየሰጠሙበት፥ ለሕዝቡም ምግብ በልክ እየሰፈረ ሳለ፥ በሐምሌ 1940 ለነፍሰ ጡሮች፥ ለሚያጠቡ እናቶችና ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት በየቀኑ ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ወተት በጥቂት ዋጋ፥ ለድኻውም በነፃ እንዲደርስ ደነገገ፤ ቀጥሎም የብርቱካን ጭማቂና የዓሣ ዘይት ጨመረበት። በዚያ የጭንቅ ዘመን ሞቶ የሚወለደው ሕፃን ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ለዚህ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን አንድ መንግሥት በችግር ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ለማን መስፈር እንደሚገባው ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ አይገኝም።

ይህ ለባለጸጋ አገር ነው የሚል ቢኖር፥ ወደ አፍሪካ እንመለስ። በምዕራብ አፍሪካ በጋምቢያ አገር በገጠር ለሚኖሩ ነፍሰ ጡሮች ከተቈላ ለውዝ፥ ከሩዝ ዱቄት፥ ከስኳርና ከለውዝ ዘይት የተሠራ ብስኩት በየቀኑ ይታደል ጀመር። በ1997 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፥ የሚወለዱት ሕፃናት ክብደት በአማካይ በ136 ግራም ጨመረ፤ ጐተራው ባዶ በሚሆንበትና የእርሻው ሥራ በሚበረታበት ወራት ግን ጭማሪው 201 ግራም ደረሰ። ሞቶ የሚወለደውና በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞተው ሕፃንም አነሰ። ልብ ማለት የሚገባው ብስኩቱ የተሠራበት ነገር ሁሉ ገበሬ የሚያውቀው እህል መሆኑን ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ መድኃኒት አልነበረበትም።

አሁን ስለ ጭንቀት እንናገር። ሰው በተራበና በተጨነቀ ጊዜ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞን ማለት በደም እየተላከ ለአካል ክፍሎች ትእዛዝ የሚያደርስ ነገር ነው። ይህም በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፤ ሲበዛና ሲሰነብት ግን ይጎዳል። ፈጣሪ በጥበቡ እንግዴ ልጁን እንደ በረኛ አድርጎ አቁሞታል፤ ከእናቲቱ ደም የሚመጣውን ኮርቲሶል አብዛኛውን እየሰበረ ወደ ሕፃኑ እንዳያልፍ ይከለክላል። በእንስሳት ላይ በተደረገው ምርመራ ግን፥ እናቲቱ ሥጋን የሚገነባ ምግብ በጎደለባት ጊዜ ይህ በረኛ እንደሚደክም ታውቋል። እንግዲህ ረኃብ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንደኛ ጭንቀቱን ያበዛዋል፤ ሁለተኛ ጭንቀቱን የሚከለክለውን በር ያላላዋል።

የምግቡ መጠን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ዋጋ አለው። ነፍሰ ጡር ሴት ሳትበላ በቆየች ጊዜ በደሟ ያለው ስኳር ካላረገዘች ሴት ፈጥኖ ይወርዳል፤ ሰውነቷም የራሱን ስብ ማቃጠል ይጀምራል። በአሜሪካ የተደረገና በ2001 የታተመ ምርመራ፥ 13 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይበሉ የሚቆዩ ነፍሰ ጡሮች ኮርቲሶልን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ እንደ ተገኘ አስረድቷል። ይኸው ሆርሞን ምጥ ከሚነሣበት ጊዜ ጋር ግንኙነት አለው። አሁን እኛ በአገራችን እንቍጠር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እራቷን በልታ እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ሴት 19 ሰዓት ሳትበላ ትቆያለች።

ጭንቀት ራሱን የቻለ ጉዳት እንዳለውም በአገራችን ታይቷል። በቡታጅራ አካባቢ በ1997 እና በ1998 ዓመተ ምሕረት ከ1,000 በሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች ላይ በተጀመረው ምርመራ፥ በእርግዝናቸው ጊዜ ጭንቀትና የመንፈስ መታወክ የጸናባቸው ሴቶች ምጣቸው ከአንድ ቀን በላይ መርዘሙና ሕፃኑን ጡት ለማጥባት መዘግየታቸው ከሌሎቹ ይልቅ የበዛ ሆኖ ተገኝቷል። የሕፃኑ ክብደት ግን ከጭንቀቱ ጋር ግንኙነት አልታየበትም። ይህን የምንጽፈው እውነቱ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲታወቅ ነው፤ ጭንቀት ያለባት እናት ልጇ የግድ ይጎዳል ብሎ ማስፈራራት በጭንቀቷ ላይ ጭንቀት መጨመር ይሆናልና።

ስለ አገራችን ሁኔታ የተመዘገበው ቁጥር ይህን ይመስላል። በ2008 ዓመተ ምሕረት በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 29 ያህሉ የደም ማነስ ነበረባቸው፤ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናትም 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያጠረ ነበር። በዚያው ጥናት ዘመን የብረት ክኒን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት እናቶች ከ100 አምስት ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓመተ ምሕረት 11 ሆኑ። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓመተ ምሕረት በሰቆጣ ስም የሚጠራውን ቃል ኪዳን ገብቶ፥ ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን የምግብ ጉድለት በኤውሮጳ አቆጣጠር እስከ 2030 ለማጥፋት ቈርጧል። ከፅንስ እስከ ሁለተኛው የልደት ቀን ያለው ጊዜ 1,000 ቀን ነው፤ ከነዚህም 270 ያህሉ በማሕፀን ያልፋሉ። ስለዚህ ሕፃኑ ተወልዶ ሲከሳ አይቶ ሥራ የሚጀምር ሹም ከሩብ የሚበልጠውን ጊዜ አባክኖታል።

እህል እያለ ነፍሰ ጡሯ የምትራብባቸው ልማዶችም አሉ። በብዙ ቤት እንግዳውና አባወራው በልተው፥ ልጆቹ ጠግበው፥ የተረፈው ለእናቲቱ ይሆናል። በአንዳንድ ስፍራ ልጁ እንዳይገዝፍና ምጡ እንዳይጸና ተብሎ ምግቧን እንድታሳንስ ትመከራለች። ነገር ግን ምጥን ከሚያጸኑት ምክንያቶች አንዱ የእናቲቱ ዳሌ ጠባብ መሆን ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ እርሷ ራሷ በሕፃንነቷ ተርባ ከማደጓና ሰውነቷ ሳይጠና ከመዳሯ የሚመጣ ነው። በጋምቢያም የሕፃናቱ ክብደት በጨመረ ጊዜ ሞታቸው ቀነሰ እንጂ አልበዛም። ደግሞ ወተትና አይብ በሕፃኑ ገላ ላይ ነጭ ነገር ይለጥፋል ይባላል። ያ ነጭ ነገር የሕፃኑን ቈዳ በማሕፀን ሲጠብቅ የኖረ የተፈጥሮ ቅባት ነው፤ ከወተት የመጣ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የጾም ነገር ነው፤ ስለዚህም በትሕትና እንናገራለን። ጾም የነፍስ መድኃኒት መሆኑን የሚክድ የለም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሕመምተኛውን፥ ነፍሰ ጡሯንና አራሷን በጾም ሕግ እንደማታስጨንቅ ሊቃውንቷ ያስተምራሉ፤ ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ ለታመመው ማቅለልን አልረሳም። በእስልምናም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት ጾሙን ወደ ሌላ ጊዜ የማስተላለፍ ፈቃድ አለ። ሆኖም በብዙ ገጠርና ከተማ ነፍሰ ጡሮች ሲጾሙ ይታያል። ምክንያቱም ፈቃዱ በመጽሐፍና በሊቃውንት ዘንድ ይኑር እንጂ ወደ እርሷ ጆሮ አልደረሰም፤ ቢደርስም የጎረቤቱን ወሬ ትፈራለች፤ ከበላችም ኀጢአት የሠራች መስሏት ስትጨነቅ ታድራለች። እንዲህ ያለችው ሴት ብትጾም በረኃብ፥ ብትበላ በጸጸት ትጎዳለች። ከሁለቱም የሚያወጣት የንስሐ አባቷ ቃል ብቻ ነው።

አንድ ነገር እንጠይቅ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ይጹም ተብሎ አይገደድም። እንግዲህ ገና ሳይወለድ በእናቱ ሆድ ያለውን በምን ሕግ እናስጾመዋለን? መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበቡ ሁሉ የማኑሄን ሚስት ታሪክ ያውቃሉ። መልአኩ የሶምሶንን መፀነስ ባበሠራት ጊዜ በእርግዝናዋ የምትጠነቀቅበትን መብልና መጠጥ ለይቶ ነግሯታል። የነፍሰ ጡር ምግብ ከሰማይ የተላከ መልአክ ሊናገርበት ያልተናቀ ጉዳይ ከሆነ፥ ካህን ቢናገርበት ከማዕርጉ ዝቅ አይልም። እመቤታችንም ፀንሳ ሳለች ወደ ኤልሳቤጥ ቤት ወጥታ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀምጣለች። ሁለት ነፍሰ ጡሮች አብረው መቀመጣቸው፥ ሸክምን መካፈልና ልብን ማሳረፍ ከጥንት የነበረ ጥበብ መሆኑን ያስታውሰናል።

በዘመን አቆጣጠራችንም ላይ አንድ ነገር መታየት ይገባዋል። የሐዋርያት ጾምና ፍልሰታ በክረምት መግቢያና በነሐሴ ይውላሉ። ይህ ወራት በብዙ አውራጃ ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቅበት፥ አዲሱ ገና ያልደረሰበት፥ እርሻውና አረሙም የሚበረታበት ነው። ስለዚህ በክረምት የምታረግዝ የገበሬ ሚስት ረኃብ፥ ድካምና ጾም በአንድ ላይ ይመጡባታል። በጋምቢያ ብስኩቱ ከሁሉ የበለጠ የረዳው በዚሁ ዓይነት ወራት እንደ ነበረ አይረሳም።

ምን ትብላ? ነፍሰ ጡር ሴት የሁለት ሰው ምግብ አያስፈልጋትም። ከአራተኛው ወር በኋላ በየቀኑ 350፥ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት 450 ያህል ካሎሪ ተጨማሪ ይበቃታል፤ ይህም አንድ መጠነኛ ማዕድ ነው። ምስር፥ ሽንብራ፥ ባቄላና ጎመን ፎሌት የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። የሕፃኑ ሠረሠርና አንጎል የሚወጣበት ቱቦ በ28 ቀን ውስጥ ስለሚዘጋ፥ ፎሌት የጎደላት እናት ማርገዟን ሳታውቅ ጉዳቱ ይደርሳል። በ1991 የታተመ ታላቅ ምርመራ፥ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ይህን ንጥረ ነገር በክኒን ቢወስዱ ጉዳቱ ከ100 በ72 እጅ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ምክሩ የሚገባው ለሙሽራይቱ ጭምር ነው።

የጾም ምግባችን ጥራጥሬ የሞላበት ስለ ሆነ መናቅ አይገባውም። ነገር ግን ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው በወተት፥ በእንቍላል፥ በዓሣና በሥጋ እንጂ በእህልና በአትክልት አይገኝም። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ፥ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ይሻላል፤ በወጡ ላይ ሎሚ ቢጨመር ግን ብረቱን ይረዳዋል። ጨውም አዮዲን ያለበት ይሁን፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ኀይሉ አይጠፋም። ከዚህም ጋር ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ይወሰድ።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያሻም፤ የሚያሻው ሦስት ሰዎች ዕዳቸውን ማወቃቸው ነው። የንስሐ አባት ልጁ ማርገዟን በሰማ ጊዜ፥ እርሷ እስክትጠይቀው ሳይጠብቅ፥ ባሏና አማቷ ባሉበት ብይ ብሎ በአፉ ይናገር፤ ጾም ሊገባ ሲልም በዐውደ ምሕረት ይድገመው። በስውር የተሰጠ ፈቃድ ከሐሜት አያድናትም፤ በአደባባይ የተነገረ ግን የጎረቤቱን አፍ ይዘጋል። ባል ደግሞ ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእርሷ ያድርግ፤ ውሃውንና እንጨቱንም ከጀርባዋ ያንሣላት። ሹም በግዛቱ ያሉትን ነፍሰ ጡሮች በስማቸው ይወቅ፤ ክኒኑ በጤና ጣቢያው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ወደ አፍ መድረሱን ይጠይቅ፤ የርዳታ እህልም በመጣ ጊዜ በክረምት ላረገዘችው ያስቀድም።

ግብር የሚከፍለው ገበሬ፥ ቅዳሴ የሚያገለግለው ዲያቆን፥ ድንበር የሚጠብቀው ወታደር ሁሉም ከዚያ ማዕድ ተነሥተው የመጡ ናቸው። ጐተራውን የሚጠብቅ ሰው ለዘር የሚሆነውን እህል ቢርበው እንኳ አይነካም፤ የሚመጣው ዓመት በእርሱ ውስጥ እንዳለ ያውቃልና። የነፍሰ ጡሯ ድርሻም እንደዚሁ ሳይነካ ይጠበቅ። እግዚአብሔር የማሕፀንን ፍሬ ይባርክ፤ እኛም የተባረከውን ከማስራብ እንጠበቅ።